ከሁሉም ርቄ የምበረው እኔ ነኝ

ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ የአዛውንቶች አፓርትመንት ምድር ቤት፣ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ቀጭን አዛውንት መሃል ላይ ቆመዋል። ሰዎች በየተራ ይቀርቧቸዋል። አዛውንቱ መዳፋቸውን በቀረበው ሰው ክንድ ላይ ያሳርፋሉ፣ ትንሽ ወደ ውጭ ይተነፍሳሉ፣ ሰውየው ወደ ኋላ ይፈናጠራል። አንዱ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ሌላዋ ሦስት። መጨረሻ ላይ የሥራ ልብሷን ያላወለቀች፣ ወፈር ያለች ሴት ትመጣለች። እሷ ከመሬት ተነስታ ሄዳ የተደረደሩት ወንበሮች ላይ ትከመራለች። ሁሉም ያጨበጭባል።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ከሁሉም ርቄ የምበረው እኔ ነኝ፣ የበረርኩትም በራሴ እግር ነው።

አዛውንቱን ጋሼ እንላቸዋለን። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ለምህንድስና ትምህርት ቻይና ተልከው አምስት ዓመት ሲቆዩ፣ ከድልድይ ሥራ ትምህርቱ ጎን ሌላም ነገር ተምረው ተመለሱ። ያስተማራቸው የተማሪዎቹ መኝታ ቤት ዘበኛ ነበር። በየማለዳው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ይጠብቃቸዋል፣ የእጁን አንጓ ከእጃቸው አንጓ ጋር ያነካካል፣ ወዲያው ጋሼ መሬት ላይ ናቸው። ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ቻይናዎቹ ቱዪ ሾው ይሉታል፣ እኛ መገፋፋት እንለዋለን። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ አንጓ ለአንጓ ተነካክተው፣ ክንዳቸውን ቀስ እያሉ እያዞሩ አንዱ የሌላውን ሚዛን የሚፈልግበት ልምምድ ነው። ጉልበት አይጠየቅም፣ እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ነው ቶሎ የሚወድቀው። ሌላው ሰው የት ላይ እንደከበደ፣ የት ላይ እንደደረቀ በቆዳ ነው የሚሰማው።

እኔ የሄድኩት ወገቤን ይዤ ነው። የምሠራው ነርሲንግ ሆም፣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ነው፣ ሥራዬም ሰው ማንሳትና ማስቀመጥ ነው። ከአልጋ ወደ ዊልቼር፣ ከዊልቼር ወደ ሻወር፣ እንደገና ወደ አልጋ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወገቤ አለቀ። የዛሬ ሰባት ዓመት አንድ የማውቀው፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሹፌር ለምን ጋሼ ጋ አትሞክሪም አለኝ። እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ስለሚውል አንገቱ ሊዞርለት አልቻለም ነበር፣ ጋሼ ጋ ከሄደ ወዲህ ግን ተሻለው። ሳቅሁበት። በኋላ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት ሲያቅተኝ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ።

ጋሼ ሦስት ወር ሙሉ አቆሙኝ። ጉልበቴን ትንሽ አጥፌ፣ ትልቅ ጋን ያቀፍኩ ይመስል ክንዶቼን ከፊቴ ከብቤ፣ ዝም ብዬ መቆም ብቻ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭኔ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ መዳፌ ከውስጥ ይሞቃል። ለዚህ ነው ወይ ቅዳሜዬን የሰዋሁት እያልኩ በሆዴ እሳደባለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ላይ አንዲት ከባድ ሴትዮ አንስቼ ሳስቀምጥ ወገቤ ዝም አለ። ቆሜ ጠበቅሁት፣ ግን እንደድሮው አልወጋኝም። ስለ ሌላው ነገር የፈለገ ሰው ይከራከረኝ፣ ስለ ወገቤ ግን ማንም ሊከራከረኝ አይችልም።

የመጀመሪያው ግፊታቸውም እውነት ነበር። ክንዴን ደረቴ ላይ አጥፌ ቆሜ፣ ልጆቼ ምሳ በልተው ይሆን እያልኩ ሳስብ፣ መዳፋቸው ክንዴን ነካው። ጉልበት የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ተረከዜ ብቻ ከመሬት ለቀቀ፣ ራሴን ሳገኘው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጃለሁ። እንደ ልጅ ሳቅሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን እየጠበቅሁት ስለነበር ክንዴ ደርቆ ነበር መሰለኝ፣ ሲገፉኝ አልሄድኩም። ጋሼ በትንሹ ግራ ተጋቡ። ያንን ግራ መጋባት ፊታቸው ላይ ሳይ እግሬ ሳልጠይቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ጋሼ ፈገግ አሉ፣ እኔም እፎይ አልኩ። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሌሎቹም እንደኔ ነበሩ። ተነጋግረን አናውቅም፣ መነጋገርም አላስፈለገንም። ሁላችንም ታላቅ ሲገባ ከወንበር ተነሺ፣ ታላቅ ሲያወራ አታቋርጪ እየተባልን ያደግን ነን። ትልቅ ሰው ሊገፋህ ሞክሮ ካልቻለ የሚያፍረው ማን ነው? አንተ ነህ። አንድ ጊዜ ከኮሌጅ ፓርክ ከተማ አንድ ኢንጂነር መጥቶ፣ ጋሼ ሁለቴ ሲገፉት እንደ ምሰሶ ቆመ። ክፍሉ ቀዘቀዘ። ሲወጣ እኔ ራሴ ተከትዬው ኮሪደር ላይ አስቁሜ፣ ምነው ወንድሜ፣ ትልቅ ሰው አይደሉም እንዴ አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝና ሁለተኛ አልመጣም። ዛሬ ሳስበው ከእኛ ሁሉ ጋሼን ያከበራቸው እሱ ብቻ ነው።

ተራው ተገልብጦ እኛ እሳቸውን መግፋት ሲኖርብን ደግሞ፣ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ሸሚዛቸውን ነካ አድርገን እንመለስ ነበር። በትልቅ ሰው ደረት ላይ እጅ ማሳረፉ ራሱ ይከብዳል፣ ለሴት ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያው ዓመት ግፉ እንጂ፣ ግፉኝ እያሉ ይወተውቱን ነበር። በኋላ ማለቱን ተዉት። እኛም ተገላገልን።

በየዓመቱ ዝላያችን እየረዘመ ሄደ። መጥፎው ነገር፣ እኔ ራሴ የሳቸው ግፊት የት አልቆ የኔ ዝላይ የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። መዳፋቸው ገና ሳይነካኝ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይሰበሰባል፣ ሰውነቴን ይወረኛል፣ ከዚያ እግሬ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ኃይላቸው በእውነት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ሲደጋገም ሰውነትም ይለምደዋል።

ያለፈው ክረምት ሲያልቅ ሹፌሩ ያንን ቪዲዮ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ አወጣው። በሳምንቱ ከአሌክሳንድሪያ መልእክት መጣ። እዚያ በአንድ የዳንስ አዳራሽ፣ በወር አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ከየመምህሩ የመጡ ሰዎች ተሰብስበው ይገፋፋሉ። እኚህ ሰው የት ነበሩ፣ ይምጡልንና እጃቸውን እንንካ ይላል መልእክቱ። ሹፌሩ በደስታ ሰከረ። ጋሼም ደስ አላቸው፣ በመጪው እሁድ እሄዳለሁ አሉ። እኔ የነዚያን ሰዎች ቪዲዮ ከፍቼ አየሁት። ላብ ያጠመቃቸው ትልልቅ ወንዶች ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፍራሽ ላይ ይላተማሉ፣ ወለል ላይ ይዘረራሉ፣ ተነስተው እንደገና ይያያዛሉ። ለማንም አይዘሉም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የጋሼ ልጅ ደወለችልኝ። በልትስቪል ነው የምትኖረው፣ በዘጠኝ ዓመቷ የመጣች ስለሆነች አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር የተጋባ ነው። ጋሼ በክረምቱ እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ሆስፒታል ገብተው እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። ለኛ ጉንፋን ነው ብለውን ነበር።

«ብለድ ቲነር ላይ ነው» አለችኝ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ማለቷ ነው። «ዶክተሩ ፎል እንዳያደርግ፣ እንዳይወድቅ ነው ያለው። ጭንቅላቱን ከመታ በቃ፣ ደሙ አይቆምም። አንቺን ይሰማል፣ ፕሊስ አናግሪው።»

አናግራቸዋለሁ አልኳት። ልትዘጋ ስትል ቆም አለች።

«ግን ፓወሩ ሪል ነው አይደል? ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ያንቺን አይቻለሁ። ሪል ከሆነ እኮ ማንም አይጥለውም።»

እዚያ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጋሼ ጎበዝ ናቸው አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ራሴን ሰደብኩ፣ ለመሳደብ ማን ይቀድመኛል።

በማግስቱ ሥራ ስገባ አዲስ ሰው ተመድቦልኛል። ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሸራቶት የወደቀ፣ ያንኑ መድኃኒት የሚወስድ አዛውንት ነው። ከቅንድቡ እስከ ትከሻው አጥንት ድረስ አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ጥቁረቱ ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች ይወርዳል። ሚስቱን በሌላ ስም ይጠራታል። እሱን በሞቀ ፎጣ እያጠብኩ ሳለሁ የጋሼ ነጭ ሸሚዝ ታየኝ። ፎጣውን አስቀምጬ ኮሪደር ወጣሁና ጋሼ ጋ ደወልኩ።

ጋሼ ስልኩን ያነሱት በዘፈን ነው። ሶሉ ስስ የሆነ ጥቁር ጫማ ገዝተዋል፣ ቤት ውስጥ እየተራመዱበት ነው። ስለ እሁድ ላነሳ ስሞክር እሳቸው ቀደሙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዘበኛው ያለኝ ነገር እኮ አሁን ነው የገባኝ። ኃይሉ ሳትፈልገው በእርጅና ይመጣል ይለኝ ነበር፣ ያኔ ሳቅሁበት። ይኸው መጣ። እናንተ ላይ አየሁት።»

እናንተ ላይ አየሁት ያሉኝን ሰው ምን ልበላቸው? እግዚአብሔር ይርዳዎት አልኳቸው። በፍርሃቴ ተናደድኩ፣ በሳቸውም ተናደድኩ፣ በዚያ ጫማም ተናደድኩ። የምነግራቸው በአፌ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አፌ ሁልጊዜ ይሸሻል፣ ስለዚህ ቅዳሜ አልዘልም።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ሰዎች ነበርን። ሹፌሩ ስልኩን አንድ ወንበር ላይ አቁሞ ለመቅረጽ አዘጋጅቷል። ጋሼ አዲሱን ጫማ ተጫምተዋል። አንድ በአንድ ገፉ፣ ሰዉም አንድ በአንድ በረረ። አብራን የምትለማመደው የሒሳብ ሠራተኛ አራት እርምጃ ሄደች፣ እንደዚያ ርቃ ሄዳ አታውቅም ነበር። ለነገው ስንቅ እየሰጠቻቸው ነው መሰለኝ። ተራዬ ደረሰ።

ክንዴን ደረቴ ላይ አጠፍኩ። ጉልበቴን ለቀቅ አድርጌ፣ ራሳቸው እንዳስተማሩኝ ክብደቴን ወደ እግሬ መዳፍ አወረድኩ። መዳፋቸው አረፈ። ያ የለመድኩት መሰብሰብ ደረቴ ውስጥ ተነሳ፣ እግሬ ሊሄድ ተነቃነቀ፣ ያዝኩት። ጋሼ ተነፈሱ። እኔ ቆምኩ።

እንደገና ገፉ። ያን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቸው የራሳቸው ግፊት ብቻውን ተሰማኝ። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ግፊት ነበር። ክንዳቸው ከትከሻቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደታቸው ወደ ፊት ዘንበል ብሏል፣ እኔ ድንገት ዞር ብል በግንባራቸው ወለሉን ይመታሉ። ሥራዬ ሰው ማንሳት ነውና የሚወድቅ ሰው ክብደት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዞር አላልኩም፣ ወደ ኋላም አልሄድኩም።

«ዛሬ ከብደሻል» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እስከ ዛሬ የምዘለው እኔ ነበርኩ።»

ሹፌሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አብደሻል እንዴ አለኝ፣ ከነገ በፊት ቀን አጣሽ ወይ፣ ይህን ሽማግሌ ለማዋረድ ነው የመጣሽው? ከነገ በፊት ስለሆነ ነው አልኩት። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ስለ መድኃኒቱ ተናገርኩ፣ ነርሲንግ ሆም ስለተኛው፣ ወድቆ ፊቱ ስለጠቆረው ሰውዬም ተናገርኩ። ጋሼ እኔን አላዩም። የሒሳብ ሠራተኛዋን አዩ፣ አንቺስ አሏት። ወለሉን አየች። ሹፌሩን አዩ፣ አንተስ አሉት። ሹፌሩ ስልኩን አንስቶ መቅረጫውን አጠፋ። ጋሼ ሌሎቹንም በየተራ አዩ።

«እሺ» አሉ። «ለዛሬ ይበቃናል።»

ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የካፖርቱን ቁልፍ ሁሉ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወደ ሊፍቱ ሄዱ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለሥራ እስኪረፍድብኝ ተቀመጥኩ። ምናልባት እሁድ ይቀራሉ፣ እኔንም ዳግመኛ አያናግሩኝም፣ ይሁን ብዬ ነበር። ይሁን ማለቱ ግን ቀላል አልነበረም። ከአባቴ ቀጥሎ እንደሳቸው የምወደው ትልቅ ሰው የለም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኬ ጠራ።

«መኪናሽ ይሠራል?» አሉኝ። «ሹፌሩ አልሄድም አለ። አፍሯል መሰለኝ።»

እምቢ ለማለት አስቤ ነበር። ነገር ግን እኔ እምቢ ብል ኡበር ጠርተው እንደሚሄዱ አወቅሁ። ሄጄ አነሳኋቸው። ጫማቸውን በፌስታል አድርገው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ትልቁ ቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌይ ላይ ወጣን። እኔ እጄ መሪው ላይ ደርቋል፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና ሲመጣ ሁሉ እደነግጣለሁ። ፖቶማክን የሚያሻግረው ድልድይ ሲታየን አፋቸውን ከፈቱ።

«ሁላችሁም ናችሁ የምትዘሉት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«የመጀመሪያው ቀን እውነት ነበር። በመስቀል እምላለሁ፣ እሱ እውነት ነበር።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና በመስኮቱ ወንዙን ማየት ጀመሩ። እንመለስ ልላቸው ፈለግሁ፣ እንደገና አፌ ሸሸ።

አሌክሳንድሪያ ያለው አዳራሽ አንድ ግድግዳው መስታወት፣ ሌላው ፍራሽ የተለጠፈበት ነው። ወደ አሥራ አምስት ሰዎች ነበሩ፣ ነጭም ጥቁርም ቻይናም። አብዛኞቹ ቪዲዮውን አይተዋል፣ እኔንም ለዩኝ። አንዷ ሳቀችና፣ የምትበሪው አንቺ ነሽ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼን ለመንካት የመጀመሪያው ተራ የደረሰው ጡረታ ለወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሁለት እኔን ያህላል፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ ይሰፋል፣ ፊቱ ግን ደግ ነው። ጋሼ ጫማ ሲቀይሩ ሮጥ ብዬ ጠጋ አልኩትና ስለ ደም መድኃኒቱ ሹክ አልኩት። ሰውየው አመስግኖኝ በጣም ቀስ ብዬ ነው የምነካቸው አለ። ጋሼ ቀና ሲሉ አዩን።

«እሱንም እንዲዘልልኝ ነገርሽው?» አሉኝ በአማርኛ።

እንደዚያ ልቤን የወጋኝ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ጋሼ ወደ ሰውየው ዞረው፣ የተነገረህ እውነት ነው፣ ብወድቅ ለኔ ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ እዚህ እንቁም አሉት በእንግሊዝኛ፣ ጀርባቸውን ወደ ፍራሹ ግድግዳ ሰጥተው። ከዚያ እኔ አልገፋህም አሉት፣ አንተ ግን በደንብ ግፋኝ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሊያዩ የመጡት ሲገፉ ነበር።

አንጓቸውን አነካኩ። እኔ በግራ በኩል ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፣ ሥራ ላይ ሰው ሲራመድ እንደምቆመው። ሰውየው ክንዱን እያዞረ ቆየና ገፋ። ጋሼ የነበሩበት ቦታ ላይ አልነበሩም። አልሸሹም፣ እግራቸው እዚያው ነው፣ ትከሻቸው ብቻ እንደ በር ተከፍቶ ሰውየውን አሳለፈው። ሰውየው በራሱ ክብደት ተንገዳግዶ ቆመና ጋሼን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ማዘን ጠፋ። ሁለተኛ ገፋ፣ አሁን በእውነት። ጋሼ ወገባቸውን ዝቅ አድርገው ዞሩ፣ ሰውየው በአጠገባቸው አልፎ በመዳፉ ፍራሹን ያዘ። ከሰዎቹ አንዱ እንደመሳቅ አለ። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ቆሜ ይህን አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ማን ገፍቷቸው ያሳዩን?

ሦስተኛው ላይ ሰውየው ጠበቀ። ጋሼ ሊዞሩ ሲሉ መዞራቸውን ቀድሞ ሰማና ደረታቸው መሃል ላይ ገባ። ጋሼ ተነቀሉ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ እግራቸው ተጠላለፈ፣ እኔ ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። በሁለት ትከሻቸው ፍራሹን መቱ። ዓይኔ ጭንቅላታቸው ላይ ብቻ ነበር። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ስበዋል፣ ጭንቅላታቸው አልነካም። በመዳፋቸው ፍራሹን ይዘው ቆሙ። ቧንቧ ሠራተኛው እጁን አፉ ላይ አድርጓል።

ጋሼ እግራቸውን አዩ። ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ወደ ውጭ አዙረው፣ እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ክንዳቸውን አነሱና እንደገና አሉት። በቃዎት ልላቸው አፌን ከፍቼ፣ ፊታቸውን ሳይ ዘጋሁት። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ስንመለስ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቋል። ውሃ ሰጠኋቸው። ድልድዩን አልፈን ጥቂት እንደሄድን መናገር ጀመሩ።

«ዘበኛው አንድ ቀን እንኳ አላዘነልኝም። በየቀኑ ነው የጣለኝ፣ ለዚህ ነው የተማርኩት።» ውሃቸውን ጠጡ። «እናንተ ሰባት ዓመት ሙሉ አዘናችሁልኝ። ግፉኝ ስላችሁ ነበር እኮ።»

አለቀስኩ። መኪና እየነዱ ማልቀስ አደገኛ ነው፣ ቢሆንም አለቀስኩ። ጋሼ አታልቅሺ አላሉኝም፣ የቀኙን መስመር ያዢ ብቻ አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሰዎች ብቻ መጡ። ሹፌሩ አልመጣም፣ እስከ ዛሬም አልመጣም። ሰላምታዬንም ቀዝቀዝ አድርጎ ነው የሚመልስልኝ። የጋሼ ልጅ ግን ሁሉን ከሳቸው ሰምታ፣ አሮጌ ፍራሽ በመኪናዋ ጣራ ላይ አስራ መጥታ፣ ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ እንድናቆመው አደረገች። እኔንም ዋሽተሽኛል አለችኝ። እጇን አጣጥፋ ፍራሹ አጠገብ ቆመች። ጋሼ ጀርባቸውን ወደ ፍራሹ አድርገው ጠሩኝ።

መዳፌን ደረታቸው ላይ አሳረፍኩ። በሸሚዙ ሥር የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ልባቸው ይመታል። የነርሲንግ ሆሙ ሰውዬ ፊት መጣብኝ፣ ልጅቷ በጎን እያየችኝ ነው። ቀስ ብዬ ገፋሁ።

«አሁንም እየዋሸሽ ነው» አሉኝ።

ልጃቸውን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ቆይታ በእሺታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ክብደቴን አወረድኩ፣ ተነፈስኩና ባለኝ ሁሉ ገፋኋቸው። እጄ ሥር የነበረው ደረት የለም። በአጠገባቸው አልፌ፣ በአፍንጫዬ ፍራሹን መትቼ፣ በጉልበቴ ወለሉ ላይ አረፍኩ። ዞር ስል ጋሼ ቦታቸው ላይ ቆመዋል፣ ልጃቸው ሁለት እጇን ወደ እሳቸው እንደዘረጋች ቀርታለች። ማንም አላጨበጨበም። ተነስቼ ጉልበቴን አራገፍኩና ሁለተኛ ልገፋቸው ተመልሼ ቆምኩ።